የክርስትና ስሟን ላኪልኝ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ ወልደገብርኤል፣

ጉልበትዎን ስሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ እንዳይጎዳዎት ባለፈው የላክሁትን ሹራብ ይለብሱታል? ትንሳኤ «ለእንግዳ ቀን ብሎ ሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል» ብላ ከስሳዎታለች። እኔ ቸሩ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ።

ይህን በስልክ ልነግርዎት እችል ነበር። ነገር ግን ጆሮዎ ከስልክ ጋር ከተጣላ ወዲህ የምናገረውን ሰምታ የምትደግምልዎት ልጅዎ ትንሳኤ ናት፤ ይህን ደግሞ አስቀድመው ብቻዎን እንዲያነቡት ፈለግኩ። ስለዚህ ወደ አገር ለሚገባ ሰው ደብዳቤ ሰጠሁ።

ባለፈው እሑድ የአባቴን ሙት ዓመት እዚሁ ቤተ ክርስቲያን አሰብን። ጓደኛዬ ቤዚ ግሪን ቫሊ ራንች ከሚባለው ሰፈር ድስቷን በመኪና ጭና መጥታ ዝክሩን አደረሰችልኝ። ሰው እየበላ ሳለ አንዲት ሴት «አባትሽን ምን ነበር ያመማቸው?» አለችኝ። «ደም ነው» አልኳት፤ ወዲያው አፈርኩ። አያቴን የገደለው ደም ነው ተባለ፣ የእርስዎን ልጆች እንዳልክንና ምናሉንም ደም ነው ተባለ። ቤተሰባችን በዚህች አንድ ቃል ስንቱን ሰው ሸኘ፤ ከዚያ አልፎ የጠየቀ የለም።

እኔ የምሠራው ይህንኑ በሚጠይቅ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ነገሩን በአጭሩ ልንገርዎት። በሰውነታችን ውስጥ ደም እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈበት ዲኤንኤ የሚባል ረጅም ክር አለ። ጽሑፉ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ፕሮቲን የሚባለው ነገር መጥቶ ቦታውን ፈልጎ ጨብጦ መያዝ አለበት። ሳይጨብጥ ከተንሸራተተ ደሙ አይሠራም። የእኛ ሥራ ጭበጣው ምን ያህል የጠበቀ እንደሆነ መለካት ነው። ድሮ ጠብታ በጠብታ በእጄ እየቀላቀልኩ አንዱን ዓይነት ለመለካት ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። አሁን የክብሪት ቀፎ የሚያክል ቺፕ መጣ። በውስጡ ከፀጉር የቀጠኑ ቦዮችና በአየር ግፊት የሚከፈቱ የሚዘጉ በሮች አሉ፤ ማሽኑ ራሱ ውኃውን እየመራ በየክፍሉ ያስገባል። እኔ ዓመት የምደክምበትን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። መጀመሪያ እንጀራዬን ሊነጥቀኝ ነው ብዬ ጠልቼው ነበር። ኋላ ሌሎቹን አሰናብተው እኔን ጠባቂው አደረጉኝ።

ሐኪሞች ከአባቴ ደም ውስጥ በአንድ ፕሮቲን ላይ ለውጥ አግኝተው ነበር። የገደለው እሱ ይሁን አይሁን ማንም አያውቅም፤ የእኛ አገር ሰው በጥናታቸው ውስጥ ስለሌለ የሚያነጻጽሩበት አጡ። አሁን አለቃዬ ያንን ፕሮቲን ሠርተን በቺፑ ላይ እንድንለካው ፈቀደ። ሐኪሙ ደግሞ ከዘመድ የእርስዎንና የትንሳኤን ምራቅ ጠየቀ። ብልቃጦቹንና የፈቃድ ወረቀቱን ልኬአለሁ። ትንሳኤን ማስደንገጥ አልፈልግም፤ እንዴት እንደሚነግሯት እርስዎ ያውቃሉ።

የወንድምዎ ልጅ
ኑኃሚን ለገሠ

ደብረ ብርሃን
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑኃሚን፣

የአባቶችሽ አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ከእኔ ጋር አርጅቶ ነው እንጂ ሌላ ጥፋት የለበትም።

ሽማግሌ ምራቁን የሚሰጠው እንትፍ እንትፍ ብሎ ለመመረቅ ነበር። አሁን በጠርሙስ ላክልኝ ተባልኩ። ይሁን፣ ከምርቃት ቆጥረሽ ተቀበዪኝ።

ስለ ማሽኑ የጻፍሽው አልከበደኝም። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ስሠራ አዲሶቹ መዘውሮች ሲመጡ ሴቶቹ ቆመው አለቀሱ። ማሽን ስታይ መጀመሪያ የምታይው የሚያስቀራቸውን እጆች ነው። ያንቺው ግን የወንድሜን ገዳይ ስም የሚያወጣልን ከሆነ እኔም እመርቀዋለሁ።

አሁን ስለ ትንሳኤ። ዳኛቸው የሚባል አስተማሪ ሽማግሌ ልኮ ጠይቋታል። ልጁን እወደዋለሁ፤ እሷም ትወደዋለች፤ ቀን ቁረጡ ሲሏት ግን አሻፈረኝ አለች። «ወንድሞቼን የበላ ደም እኔም ጋ ካለ የሰው ልጅ አላስለቅስም፣ ልጅም ወልጄ አልቀብርም» አለች። ምን ልበላት? ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እሷ ናት። ምናሉ የሞተው እጇን እንደያዘ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የእኔ ምራቅ ብቻ አይበቃም ወይ? የእሷስ የግድ ነው? እኔ ይቅርባት ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ ፈረመች። ሁለቱንም ብልቃጥ ይህን በሚያመጣልሽ ሰው እጅ ልኬአለሁ።

አጎትሽ
ወልደገብርኤል

ኦሮራ
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፣

እንኳን ለጥምቀቱ በሰላም አደረሰዎት። ምርቃትዎ በብልቃጥ ገብቷል፣ ደርሶኛል።

የትንሳኤ ግን ተበላሽቶ መጣ። ምራቁ ውስጥ አመድ ተገኘ ብለው ጠሩኝ። ደውዬ ስጠይቃት «ጸበል ጠጥቼ እምነት ቀምሼ ነው የሰጠሁት፣ ውጤቱ እንዲያምር ብዬ» አለችኝ። አለቃዬ አመዱ ምንድን ነው ሲለኝ የማርያም ነው አልኩት፤ ምን እንደገባው አላውቅም። ሳቅሁ፤ ከሳቅሁ ሰንብቼ ነበር። ሌላ ብልቃጥ ልኬአለሁ፤ በዚህኛው ከውኃ በቀር ምንም አትቅመስ፣ ጸበሉን ከሰጠች በኋላ ትጠጣው።

የአባቴን ፕሮቲን ግን ለካነው። ቺፑ ላይ ጤነኛውን በላይኛው ረድፍ፣ የእኛን ከሥሩ አደረግኩት። ፕሮቲኑ ክሩን ጨብጦ ሲይዝ ክፍሉ በስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ያበራል። ማሽኑ በሮቹን ዘጋ፣ አጠበ፣ ከፈተ። ላይኛው ረድፍ ከዳር እስከ ዳር በራ። የእኛ ረድፍ ጨለማ ነበር። ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደገምኩት፤ ሌላ ቺፕ ቀይሬም ደገምኩት። ፕሮቲኑ ይመጣና ክሩን ይነካዋል፣ ከዚያ ይለቀዋል። አለቃዬ «ቢዩቲፉል ዳታ»፣ ያማረ ውጤት፣ ብሎ ትከሻዬን መታ። እሱ ምን ያድርግ፣ ንጹሕ ውጤት ነው። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ስለዚህ ሁሉንም የገደላቸው ይህ ለውጥ ነው ጋሼ። እርግማን አይደለም፣ ቡዳም አይደለም፣ ባለቤትዎ እማማ ጌጥነሽ ልጆቹን በደንብ ስላልመገቡም አልነበረም። አሁን የሚቀረው ማን ይዞታል ማን አልያዘም የሚለው ነው።

ኑኃሚን

ደብረ ብርሃን
መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑኃሚን፣

ሰላመ እግዚአብሔር ከአንቺ ጋር ይሁን። መንገድ ተዘግቶ ሰው ስላጣሁ ዘገየሁ፤ የትንሳኤን ብልቃጥ አሁን ልኬልሻለሁ። ከአጠገቧ ቆሜ አስተፋኋት፣ ምንም አልቀመሰችም።

ያ የጨለመው ረድፍ ከዓይኔ አልጠፋም። ጌጥነሽ ሁለት ልጆቿን ቀብራ «ምን ብበድል ነው» እያለች ነው የሞተችው። ይህን ደብዳቤ ሳትሰማ በመሄዷ አዘንኩ።

ልጄ፣ የእኔን ጠየቅሽ፣ የትንሳኤን ጠየቅሽ፣ የአባትሽን ነገርሽኝ። የራስሽን አልጻፍሽም። እኔ ጆሮዬ ነው የደከመው እንጂ ዓይኔ ያያል። በጥቅምት የጻፍሽልኝ ፊደል እንደ ተቆጠረ ክር ቀጥ ያለ ነበር፤ የየካቲቱ ግን ይንቀጠቀጣል። ብርድ ነው እንዳትዪኝ። ብርድ እኔ ጋ ነው ያለው።

ወልደገብርኤል

ኦሮራ
ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎት። ከብዙ ጾም በኋላ የምሥራች ይዤልዎት መጥቻለሁ።

ትንሳኤ ነጻ ናት። የሐኪም ቤቱም ላቦራቶሪ አረጋግጦታል፤ ያ ለውጥ እሷ ጋ የለም፣ ልጆቿም ጋ አይኖርም። ለእሷ ደውዬ ነግሬአታለሁ፤ ስለዚህ ይህ ወረቀት ሲደርስዎት ሰምተውታል።

የእርስዎን ልደብቅዎት አስቤ ነበር፤ እንደማይወዱልኝ አውቄ ተውኩት። እርስዎ ይዘውታል። አንዳንዱን ሰው ሳይነካው ያስረጀዋል ይላሉ፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ወደ እንዳልክና ወደ ምናሉ ያለፈው በእርስዎ በኩል ነው። ጥፋት አይደለም ጋሼ። ቁመትና የዓይን ቀለም እንደሚወረስ ነው።

እኔም ይዤዋለሁ። ከአምና ጀምሮ አውቄዋለሁ፤ በዚህ በኮሎራዶ ብርድ ወራት ደግሞ ደም የሚሠራው የአጥንቴ መቅኔ መድከም ጀመረ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ድሮ በእጄ ስቀላቅል ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ይታወቅብኝ ነበር፤ አሁን ማሽኑ ስለሚሠራው ማንም አላየኝም። ጠዋት ኮልፋክስ በሚባለው ጎዳና በ15 ቁጥር አውቶቡስ ቆሜ መጓዝ ስላቃተኝ ቤዚ ናት በመኪናዋ ፒክ የምታደርገኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሥራውን ኩዊት አድርጊው» ትለኛለች፤ ሥራውን ከተውኩ ሕክምናዬን የሚከፍለው ኢንሹራንስም አብሮ ይሄዳል።

መዳኛው የሌላ ሰው መቅኔ ነው። መቅኔ ሰጪዎች በሚፈለጉበት መዝገብ ላይ ስሜ ገብቷል፤ ግን እዚያ የተመዘገበው የእኛ ሰው ጥቂት ስለሆነ የሚገጥም አልተገኘም። ወንድም እህት የለኝም፣ እናቴም የለችም። ይህን ለትንሳኤ ሳልነግራት መዋል አልቻልኩም። የነጻነቷን ዜና ሰምታ እልል ካለች በኋላ «አንቺስ?» አለችኝ። ነገርኳት። «በቃ እኔ አለሁ» አለች። «ከዚያ ደም ያተረፈኝ ለዚህ ነው። የአጎትሽ ልጅ ነኝ፣ የእኔ ካልገጠመ የማን ይገጥማል? ሠርጉ ይቆያል።»

ሐኪሜ የአጎት ልጅ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ ግን ከባዕድ ይልቅ ተስፋ አለው፣ እንየው አለ። መመርመሪያውን ልኬላታለሁ። ጋሼ፣ በዚህ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ተኛሁ።

ኑኃሚን

ደብረ ብርሃን
ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑኃሚን፣

እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድልሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ወር ሆነ። ለልጆቼ ሞት መንገዱ እኔ መሆኔን ሳነብ ወረቀቱን አጥፌ ወጥቼ መቃብራቸው ላይ ተቀመጥኩ። የዘገየሁት ግን በዚህ አይደለም።

ትንሳኤ መመርመሪያውን አዘጋጅታ ላክልኝ ብላ ሰጥታኛለች። አልላክሁትም። ያንቺ ሹራብ ያለበት ሳጥን ውስጥ ነው። «ደረሰ ወይ?» ትለኛለች፤ መንገድ ነው እላታለሁ። አንቺ ደግሞ እዚያ ሆነሽ ትጠብቂያለሽ። ሁለታችሁንም እየዋሸሁ መኖር አልቻልኩም።

ትንሳኤ ከእኔ አልተወለደችም። ከእኔ ጋር ፋብሪካው ክር ክፍል ትሠራ የነበረች ፋና የምትባል ሴት ልጅ ናት። ሰው አልነበራትም፤ ያስረገዛት ሰው ጥሏት ሄዶ ነበር። በፋሲካ ማግስት ልጅቱን ወልዳ በዚያው አለፈች። ቄሱ በፍትሐቱ ላይ «ወለተ ሰንበት» ብለው ሲጠሯት ነው የክርስትና ስሟን የሰማነው። ምናሉ ያኔ ጡት አልተወም ነበር። ከቀብር ስንመለስ ጌጥነሽ ሕፃኗን አንሥታ አንዱን ጡቷን ለእሷ ሰጠቻት፣ በዚያው ልጃችን ሆነች።

ከዚያ የነፍስ አባታችን የእድሩን ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሰበሰቡ። «ይህችን ልጅ የጌጥነሽ አይደለሽም ብሎ ለጆሮዋ ያደረሰ የተገዘተ ይሁን» አሉ። ትልቁም ትንሹም አሜን አለ። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ የተጣላን ጎረቤት እንኳ እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለም። አባትሽ ያን ጊዜ ይሠራ የነበረው ድሬዳዋ ነው። ኋላ ሰምቷል፤ ላንቺ አለመንገሩን አሁን አየሁ። አደራ ጠባቂ ነበር።

የእሷ ምራቅ የግድ ነው ወይ ብዬ የጠየቅሁሽ ለዚህ ነው። ስለዚህ ነው ያ ደም ያልነካት። ተስፋ ያደረግሽበት መቅኔ የባዕድ መቅኔ ነው ልጄ። ይህን ስጽፍልሽ ከአፍሽ ጉርሻ የነጠቅሁ ያህል ይሰማኛል።

እኔ ተገዝቻለሁ፣ ልነግራት አልችልም። ከዘመድ ወዳጅ ያልተገዘትሽ አንቺ ብቻ ነሽ። መንገሩ አንቺን የሚጠቅም መስሎ ከታየሽ ንገሪያት፤ አልቀየምሽም። እሷን ካጣሁ ግን ልጄ የምለው የለኝም፣ አባት የሚለኝም የለም። ይህንንም ስትወስኚ እወቂልኝ።

ወልደገብርኤል

ኦሮራ
ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፣

ጉልበትዎን እስማለሁ። ደብዳቤዎን ቤዚ መኪና ውስጥ ፓርክ አድርገን አነበብኩት። «ምን አሉ?» ስትለኝ «ብርዱ በርትቶባቸዋል» አልኳት።

መጀመሪያ ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ አላውቅም። በሞተችው ሴትዮ ሳይቀር ተናደድኩ። ከዚያ ፈራሁ። አሁንም ፈርቻለሁ ጋሼ፣ ይህን ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ልነግራት ስልኩን አንሥቼ ነበር። ሳልጀምር እሷ ቀደመችኝ። «እንዳልክ ሲሞት ምንም ማድረግ አልቻልኩም፣ ምናሉም ሲሞት እጁን ከመያዝ በቀር አልቻልኩም። አሁን ለአንዳችሁ እንኳ ልሁን» አለችኝ። «ወንድሞቼ» እያለች ስታወራ ሰማኋት። ከእነሱ ጋር አብራ የፈራችውን ፍርሃት፣ ያስታመመችውን፣ የቀበረችውን ሁሉ በምን አፌ የሌላ ሰው ነበር ልበላት?

አልገጠመም ብላትስ ብዬ አሰብኩ። ያኔ ግን እኔ ታምሜ እሷ አትሞሸርም፤ እኔ እስክድን ወይም እስክሞት ዳኛቸውን ታስጠብቀዋለች። ስለዚህ «ሰው ተገኘልኝ» አልኳት። «የአገራችን ልጅ ናት፣ መዝገብ ላይ ተገኘች። የአንቺን አትላኪው፣ ቀን ቁረጡ።» አለቀሰች፣ ዘመረች፣ ስልኩን ለጎረቤት ሁሉ አዞረችው።

የተገኘ ሰው የለም። ይህን የምናውቀው እርስዎና እኔ ነን። መዝገቡ ላይ እጠብቃለሁ፤ አለቃዬም ደግ ሰው ነው፣ ወንበር አቅርቦልኝ ማሽኑን ተቀምጬ እጠብቃለሁ። መቅኔዋ ካልሆነኝ እህትነቷ እንኳ አይወሰድብኝ።

ሳጥኑን ሲከፍቱ ብልቃጡን ይጣሉትና ሹራቡን ይልበሱት።

ኑኃሚን

ደብረ ብርሃን
ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑኃሚን፣

ሕመምሽን ለእኔ ያድርገው። ሹራቡን ለብሻለሁ። ለሠርጉም ለብሼው ነበር፤ ሰው ኮቱ የታለ ሲል ሰማሁ፣ አላወለቅሁትም።

ትንሳኤ ተሞሸረች። አባቷ ሆኜ ጉልበቴን አስሜ መረቅኋት። የእድሩ ሰዎች ሁሉ ነበሩ፤ ስትሰናበተኝ አሮጊቶቹ አንገታቸውን ደፍተው አለቀሱ። እሷ ለጌጥነሽ የሚያለቅሱ መሰላት። ለጌጥነሽም ነበር፣ ለሌላዋም ነበር።

አሁን የምጽፍልሽ ስለ አንድ ነገር ነው። ከሠርጉ በፊት ትንሳኤ ሰጪሽን ስሟን ጠይቃሽ ኖሯል። አይነገርም ብለሽ ስትመልሺላት «የክርስትና ስሟን ብቻ ላኪልኝ፣ በቅዳሴ ላስጠራላት፤ ሰው አካሏን ሰጥታ ጸሎት እንኳ አንሰጣትም ወይ?» ብላ እንደለመነችሽ ነገረችኝ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ስልኳን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ጆሮዬ ስለማይሰማ የላክሽላትን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ። «አባዬ፣ ስሟ ወለተ ሰንበት ነው።»

ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ብርዱ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

ኑኃሚንዬ፣ ያቺ ሴት ከተቀበረች ወዲህ በዚህ ከተማ ስሟን የጠራ ሰው አልነበረም። ግዝቱ የእሷንም ስም አብሮ ዘግቶት ኖሯል። አሁን ልጇ በየእሑዱ ታስጠራታለች፤ እጣንና ጧፍ ይዛ ሄዳ «ሕይወት ለሰጠችልኝ ሴት» ትላለች። አንቺ አልነገርሻትም፣ ግዝቱም አልፈረሰም። ቄሱ የሚጠሯት ግን ከሕያዋን ጋር ነው። እኔ ከኋላ ቆሜ እሰማለሁ፣ አላረምኳቸውም።

ያንቺን ከእሷ አስከትዬ ላስጠራ ብዬ ወደ ቄሱ ጠጋ አልኩ። ማን ልበል ብለው ጠየቁኝ። ወንድሜ የክርስትና ስምሽን ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም። ልጄ፣ ይህ ወረቀት እንደደረሰሽ፣ ደብዳቤ የሚያመጣ ሰው እስኪገኝ ሳትጠብቂ፣ በትንሳኤ ስልክም ቢሆን ስምሽን ላኪልኝ። ከሕያዋን ጋር ነው የማስጠራው።

አጎትሽ
ወልደገብርኤል